የክረምት ጎማ አመራረጥ ለእህል ጫኝ መኪናዎች

የእርዳታ እህል ከወደብ ተነሥቶ ተረጂው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ከጉዞው ሁሉ አስቸጋሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው፣ ማለትም ከወረዳው መጋዘን እስከ እደላው ጣቢያ ያለው አጭር መንገድ ነው። በበጋ በጥቂት ሰዓት የሚያልቀው ይህ መንገድ ዝናቡ ሲጠና ቀናት ሊፈጅ፣ አልፎ ተርፎም ፈጽሞ ሊዘጋ ይችላል። በደጋውና በወይና ደጋው የአገሪቱ ክፍል ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ያለፈው ዓመት ምርት የሚያልቅባቸውና አዲሱ ገና ያልደረሰባቸው ወራት ናቸው። በመሆኑም እህሉ እጅግ የሚፈለገው መንገዱ በሚበላሽበት በዚያው ወቅት ነው። የጎማ ግዢ የጋራዥ ኃላፊው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእደላው ፕሮግራም አንድ ክፍል ሆኖ መታየት ያለበትም ስለዚህ ነው።

ያለፈው ልምድ ይህንኑ ያሳያል። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ መኪና ሊደርስባቸው ወደማይችል ከፍተኛ ቦታዎች የእንግሊዝና የጀርመን የጦር አውሮፕላኖች እህል ከአየር ይጥሉ ነበር። በአየር የሚጓጓዝ እህል ደግሞ በመኪና ከሚጓጓዘው ብዙ እጥፍ ወጪ ይጠይቃል። በዚያው ዓመት በተጀመረው ሰፈራ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ የተወሰዱት ሰዎች እንደ መተከል፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ፣ ኢሉባቦርና ከፋ ባሉ ዝናብ በሚበዛባቸው አካባቢዎች እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ሰፋሪው የመጀመሪያ ምርቱን እስኪሰበስብ ድረስ ሕይወቱ የተመሠረተው በጭቃ መንገድ በሚመጣ ቀለብ ላይ ነበር።

«የክረምት ጎማ» ሲባል

በብርድ አገሮች «የክረምት ጎማ» የሚባለው በበረዶ ላይ ለመንዳት የተሠራው ነው። የጎማው ቅይጥ ለስላሳ በመሆኑ የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እንኳ አይደርቅም። ጥርሶቹም በረዶውን ቆንጥጠው የሚይዙ ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች አሏቸው። መለያው በጎማው ጎን ላይ የታተመው ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ ያለው የበረዶ ቅንጣት ነው።

የኢትዮጵያ ክረምት ግን የጭቃ ክረምት ነው። ለስላሳው ቅይጥ በቆላ ሙቀት ቶሎ ያልቃል፤ ቀጫጭኖቹ ስንጥቆችም በጭቃ ወዲያው ይደፈናሉ። ስለዚህ ይህን ምልክት የያዘ ጎማ በእርዳታ ወይም በርካሽ ዋጋ ቢቀርብ ስሙን ብቻ አይቶ መቀበል አይገባም። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ጽሑፍም ጭቃና በረዶ ማለት ቢሆንም፣ አምራቹ በራሱ ኃላፊነት የሚያትመው እንጂ ጎማው በጭቃ ተፈትኖ ስለማለፉ የሚሰጥ ማረጋገጫ አይደለም።

ጎማና መንገድ

ዋልካ አፈር ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ዝናብ ሲያገኘው ያብጣል፣ ይጣበቃልም። ጭቃው በጥርሶቹ መካከል ገብቶ ከጠነከረ አዲስ ጎማም ቢሆን ሙልጭ ካለው አይሻልም። በመሆኑም ለዋልካ የሚያስፈልገው ጥርሱ ጥልቅ፣ ክፍተቱ ሰፊና እስከ ጎማው ጠርዝ ድረስ የተከፈተ፣ ሲሽከረከርም ጭቃውን ከራሱ ላይ የሚያራግፍ ጎማ ነው። ኮረት በበዛበት መንገድ ደግሞ በድንጋይ በቀላሉ የማይቆረጥ ጠንካራ ገላ ያለው ጎማ ይመረጣል።

ሆኖም የጭቃ ጎማ በአስፋልት ላይ ጉዳት አለው። ትልልቆቹ ጥርሶች በፍጥነት ሲነዱ ይሞቃሉ፣ ቶሎም ይበላሉ፤ በእርጥብ አስፋልት ላይም ፍሬን ሲያዝ መኪናውን ቶሎ አያቆሙም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በጋላፊና በሚሌ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣ መኪና በመጀመሪያ የሚያጋጥመው የአፋር ሐሩር ነው። ያው መኪና እህሉን እስከ ገጠር ጣቢያ ያድርስ ቢባል አንዱ ጎማ ሙቀቱንም ጭቃውንም እንዲችል ይጠበቅበታል፤ ሁለቱንም በሚገባ የሚችል ጎማ ግን የለም።

መፍትሔው ጉዞውን ለሁለት መክፈል ነው። ተሳቢ የያዙት ትልልቅ መኪናዎች የመንገድ ጎማቸውን እንደያዙ እስከ ማእከላዊው መጋዘን ያድርሱ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የጭቃ ጎማ የገጠመላቸው ጥቂት አነስተኛ መኪናዎች ይረከቡ። እንዲህ ሲሆን ውዱ ጎማ የሚገዛው ለሁሉም ሳይሆን ለሚያስፈልጋቸው መኪናዎች ብቻ ይሆናል።

በየአክስሉ መምረጥ

በአንድ መኪና ላይም ቢሆን ሁሉም ጎማ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። ባለ 10 ጎማ መኪና ሁለት የፊትና ስምንት የኋላ ጎማ አለው። የፊቶቹ ሥራ መኪናውን መምራት ስለሆነ በቁመታቸው መስመር የወጣላቸው ቢሆኑ ይሻላል። የጭቃ ጥርስ የሚያስፈልገው የሞተሩ ኃይል የሚደርሰው የኋላ አክስል ነው። ተሳቢው ተጎታች በመሆኑ የጭቃ ጎማ ቢገጠምለት የሚያስገኘው ጥቅም ጥቂት ነው።

ጎን ለጎን የሚገጠሙ ጥንድ ጎማዎች በዓይነትም በከፍታም እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ካነሰ ከፍ ያለው ጭነቱን ለብቻው ተሸክሞ ይፈነዳል፤ ያነሰውም እየተጎተተ ያልቃል።

የመሸከም አቅሙም በጎኑ ላይ በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ለምሳሌ 12.00 አር 20 በሆነ ጎማ ላይ 154/149 የሚል ቢታይ፣ አንዱ ጎማ ለብቻው ሲገጠም 3,750 ኪሎ ግራም፣ በጥንድ ሲገጠም ደግሞ እያንዳንዱ 3,250 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ጎማ ዋጋው ቢረክስም ለኩንታል ጭነት አይበቃም።

ርካሹ የትኛው ነው?

በጨረታ ጊዜ የሚወዳደረው አብዛኛውን ጊዜ የመግዣው ዋጋ ብቻ ነው። ትክክለኛው መለኪያ ግን በኪሎ ሜትር የሚደርሰው ወጪ ነው። ለስሌት ያህል፣ በ20,000 ብር የተገዛ ጎማ 40,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል በኪሎ ሜትር 50 ሣንቲም ይደርሳል። በ30,000 ብር የተገዛው 75,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል ግን 40 ሣንቲም ብቻ ነው። ቁጥሮቹ የገበያ ዋጋ ሳይሆኑ የአሠራሩ ምሳሌ ናቸው። እያንዳንዱ ጋራዥ ጎማው የተገጠመበትንና የወለቀበትን ኪሎ ሜትር በካርድ ቢመዘግብ ለሚቀጥለው ጨረታ የራሱን ቁጥር ያገኛል።

ወጪን የሚቀንስ ሌላው መንገድ አዲስ ጥርስ የተለበሰ ጎማ ነው። ገላው ያልተቀደደና ያልተቃጠለ እስከሆነ ድረስ ለተሳቢና ለኋላ አክስል በሚገባ ያገለግላል። ለፊት ግን መግጠም አይገባም፤ ልባሱ ቢላቀቅ ነጂው መሪውን ሊቆጣጠር አይችልምና።

በርክክብ ጊዜ

ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። የተሠራበት ጊዜ በጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ በሚገኙት የመጨረሻ አራት አኃዞች ይታወቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ተከታዮቹ ዓመቱን ያመለክታሉ። እዚህ ላይ የንብረት ክፍል ሠራተኞች ሊጠነቀቁ ይገባል፤ ዓመቱ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። «2816» የሚል ቁጥር የ2016 ዓ.ም. ምርት ሊመስል ይችላል። ጎማው በእርግጥ የተሠራው ግን በአውሮፓውያን 2016 በ28ኛው ሳምንት፣ ማለትም በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ባለማስተዋል የስምንት ዓመት አሮጌ ጎማ እንደ አዲስ ሊገባ ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ በጥርሶቹ ሥርና በጎኑ ላይ መሰነጣጠቅ አለመኖሩ፣ የጎኑ ሽቦ አለመታየቱ፣ ካላማዳሪ የሚጠይቅ ከሆነም ካላማዳሪው በትክክለኛው ልክ አብሮ መቅረቡ ይመረመራል። የተረከቡትን ጎማ ፀሐይና ዘይት በማይነካው ጥላ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል። እህል ካለበት መጋዘን ጋር ግን መቀላቀል የለበትም፤ ሽታው እህሉን ይበክላል።

ጎማ ብቻውን አይበቃም

ጥሩ ጎማም ቢሆን ከልክ በላይ የተጫነን መኪና ከዋልካ አያወጣም። በክረምት የሚጫነውን ኩንታል መቀነስ፣ ሰንሰለት፣ አካፋና መጎተቻ ገመድ መያዝ፣ ዝናቡ ከባድ ሲሆንም መንገዱ ጠጥቶ እስኪጠነክር መጠበቅ ተገቢ ነው። በጭቃ ውስጥ ለመያዝ እንዲረዳ ከጎማው አየር የሚቀንሱ ነጂዎች አሉ። ይህ የሚፈቀደው አምራቹ ለጭነቱ ከወሰነው መጠን ሳይወርዱና በዝግታ እየነዱ ብቻ ነው። አስፋልት ላይ ሲወጡ አየሩን ወዲያው መሙላት ያስፈልጋል፤ አየር ያነሰው ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ግሎ ይፈነዳል።

ከሁሉም በላይ ግዢው ጊዜውን መጠበቅ አለበት። ከውጭ የሚመጣ ጎማ የውጭ ምንዛሪ መፍቀድን፣ የመርከብ ጉዞንና የጉምሩክን ሥርዓት ስለሚያልፍ ወራት ይወስዳል። ለሰኔ የሚያስፈልገው በታኅሣሥ ካልታዘዘ የሚደርሰው ጭቃው ከደረቀ በኋላ ሊሆን ይችላል። በሶማሌ ክልል ዋናው ዝናብ ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ የሚጥል፣ ሌላውም በጥቅምትና በኅዳር የሚመጣ በመሆኑ የዚያ አካባቢ ዕቅድ ለብቻው መውጣት ይኖርበታል። የየወረዳው ኃላፊዎች የሚዘጉትን መንገዶችና የአፈሩን ዓይነት አስቀድመው ለትራንስፖርት ክፍሉ ቢያሳውቁ፣ ስንት መኪና የጭቃ ጎማ እንደሚያስፈልገው ለማወቅና ምን ያህል ኩንታል ከዝናቡ በፊት ወደ ጣቢያዎቹ መግባት እንዳለበት ለመወሰን ይቻላል።