52 ሲቀነስ 27፦ የላብራቶሪ ትምህርት ቤት ነገር

ከአገር ከመውጣቴ በፊት ስድስት ዓመት የ4ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬያለሁ። የመጨረሻው ዓመት ክፍሌ ውስጥ 74 ልጆች ነበሩ፤ አንድ ዴስክ ላይ ለአራት ተጣበው የሚቀመጡ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የማይቀር አንድ ስህተት ነበረ። 52 ሲቀነስ 27 ስንት ነው ብዬ ስሰጥ፣ ብዙዎቹ 35 ብለው ይጽፋሉ። እኔም በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጌ አልፋለሁ። ምን ላድርግ፣ የሚታረመው ደብተር 74 ነዋ! ከጎረቤት አሥር እንዴት እንደምንበደር ሰሌዳ ላይ ደግሜ አሳያለሁ። በሳምንቱ ያው 35 ተመልሶ ይመጣል። ልጆቹ ሰነፎች ናቸው ብዬ ደምድሜ ነበር፤ አልዋሽም።

አሁን አሜሪካ ውስጥ የትምህርት ጥናት እማራለሁ። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ላብራቶሪ ስኩል የሚሉት አንድ የሕጻናት ትምህርት ቤት አለ። በሳምንት ሁለት ቀን ከአንዱ ክፍል ጀርባ ባለች ጠባብ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ እመለከታለሁ። ግድግዳው በልጆቹ በኩል መስታወት፣ በእኛ በኩል መስኮት ነው። ወላጆች አውቀው ፈርመውበታል። ልጆቹም ከኋላው ሰው እንዳለ ስለሚያውቁ አንዳንዴ እየመጡ ምላሳቸውን ያወጡብናል።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ 35 ብላ ጻፈች። እኔ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ ደነገጥኩ፤ የድሮ ተማሪዬን ያየሁ ነው የመሰለኝ። መምህሯ ግን «ተሳስተሻል» አላለቻትም። እንዴት አድርጋ እንዳገኘችው ጠየቀቻት። ልጅቷ በልበ ሙሉነት መለሰች፤ ከሁለት ላይ ሰባት አይነሳም፣ ስለዚህ ከሰባቱ ላይ ሁለቱን ቀነስኩ አለች። ትልቁ ካለበት ትንሹን መቀነስ፣ ማን ከላይ ማን ከታች መሆኑን አለመጠየቅ። ልጅቷ የምትሠራበት ሕግ አላት ማለት ነው! ሕጉ ነው የተሳሳተው።

መምህሯ ይህንን ማስታወሻዋ ላይ ያዘች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ጋር በሚቀመጡበት ስብሰባ ላይ አነሳችው። ስንት ልጆች ናቸው እንዲህ የሚያደርጉት? አሥር አሥር ተደርጎ በታሰረ ስንጥር ብናስተምራቸውስ? በቁጥር መስመርስ? በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱ ክፍሎች በሁለት መንገድ ተማሩ፤ እኛም ከጀርባ ሆነን ቆጠርን። ጥያቄው ከመምህሯ መጣ፣ መልሱም ወደ እሷው ተመለሰ። በመካከሉ ያለፈው አሥር ቀን ቢሆን ነው።

ያንን ቀን ከስብሰባው ስንወጣ አንድ ፕሮፌሰር ስለዚሁ ስህተት ሲያወራኝ ነው ሆዴን የቆረጠኝ። ለካ ነገሩ አዲስ አይደለም። የልጆች የመቀነስ ስህተት በዘፈቀደ የሚመጣ ሳይሆን ሥርዓት ያለው መሆኑን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ዘርዝረው አሳትመውታል። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ስቀመጥ፣ የሚያስፈልገኝ ዕውቀት ከታተመ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር።

ምርምር የሚባል ነገር አላውቅም ነበር ማለቴ ግን አይደለም። አገር ቤት ያስተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ መምህር የደረጃ ዕድገት ሲጠይቅ፣ የተሙማ ፋይሉ ሲገመገም፣ ተግባራዊ ምርምር አምጣ ይባላል። እኔም ሠርቻለሁ። ርዕሱ የተማሪዎች ማርፈድ ምክንያትና መፍትሔ የሚል ነበር። ለ20 ተማሪዎች መጠይቅ በትኛለሁ ብዬ ጻፍኩ። አንድም አልበተንኩም። ቁጥሮቹን መብራት በጠፋበት ማታ፣ በሻማ፣ ከጭንቅላቴ ነው ያወጣኋቸው። ጠርዤ አስገባሁ፣ ማኅተም ተመታበት፣ መደርደሪያ ላይ ወጣ። እኔም ከመምህር ወደ ከፍተኛ መምህር አለፍኩ። ያንን ወረቀት ከእኔ በቀር ያነበበው ሰው አለ ብዬ አላምንም። ይህንን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ብቻዬን የሠራሁት ኃጢአት እንዳልሆነ የሥራ ባልደረቦቼ ያውቃሉ። ማንም የማያነበውን ነገር እንዲጽፍ የታዘዘ ሰው ምን ይሠራል?

የላብራቶሪ ትምህርት ቤት ሐሳብ የመጣው ይህንኑ ክፍተት ለመድፈን ነበር። ፈላስፋው ጆን ዴዊ እ.ኤ.አ. በጥር 1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር 16 ልጆችና ሁለት መምህራን ይዞ ጀመረ። የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ያለ ላብራቶሪ አይሆንም፤ ታዲያ የትምህርት ጥናት ልጆች የሌሉበት እንዴት ይሆናል ነው ነገሩ። ልጆቹ ያበስላሉ፣ ይሸምናሉ፣ እንጨት ይሠራሉ፤ ሒሳቡና ሳይንሱ ከሥራው ውስጥ ይወጣል። መምህራኑ ደግሞ በየሳምንቱ ተሰብስበው የሠራውንና ያልሠራውን ይነጋገራሉ። ዴዊ ከዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ጋር ባለመግባባቱ በ1904 ጥሎት ሄደ። ትምህርት ቤቱ ግን ዛሬም አለ፤ ባራክ ኦባማ ዋይት ሐውስ ከመግባቱ በፊት ልጆቹ የሚማሩት እዚያ ነበር። ክፍያው በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። እንግዲህ የሙከራ ቦታ ተብሎ የተከፈተው ቤት ወዴት እንደሄደ ፍረዱ።

ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጣ ቁም ነገር ግን ብዙ ነው። አንዱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኛን ሐበሻ ወላጆችን በቀጥታ ይመለከታል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቢንግ የሚባል የሕጻናት ትምህርት ቤት አለው። ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት እዚያ ያደረጉትን ሙከራ በ1973 አሳተሙ። በማርከር መሳል የሚወዱ ልጆችን መረጡና ለአንዳንዶቹ «ከሳላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሏቸው። ለአንዳንዶቹ ሳይነገራቸው በድንገት ተሰጣቸው፣ ሌሎቹ ምንም አላገኙም። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ማርከሩን ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ከመስታወት ጀርባ ተመለከቱ። ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው የነበሩት ልጆች ለመሳል ያላቸው ፍላጎት ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ወርዶ ተገኘ። እኔ ይህንን ካነበብኩ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በምናስተምርበት የአማርኛ ትምህርት ቤት «አንድ ገጽ ካነበብክ አምስት ዶላር» የሚለውን ነገር መስማት አልቻልኩም። አንድ አባት «ታዲያ በነጻ ማን ያነባል?» አሉኝ። ጥያቄያቸው እውነት አለው፤ ማንበብን ለማይወድ ልጅ ጉዳዩ ሊለይ ይችላል፣ ጥናቱ የተደረገው ቀድሞውኑ መሳል በሚወዱት ላይ ነውና። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነው እንግዲህ ክፍል ውስጥ ገብቶ መፈተሽ ያለበት።

ያው ቢንግ የላብራቶሪ ትምህርት ቤቶችን ድክመትም ያሳየናል። አሁን አንዷን ጣፋጭ ትበላለህ ወይስ ታግሰህ ሁለት ትወስዳለህ የሚለው የዋልተር ሚሼል ዝነኛ ሙከራ የተደረገው እዚያ ነው። የታገሡት ልጆች ሲያድጉ በትምህርታቸው የተሻሉ ሆኑ ተባለ፣ ዓለምም ተቀበለው። ነገር ግን ልጆቹ ከአንድ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የመጡ ነበሩ። በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ከ900 በላይ በሚሆኑ፣ ኑሯቸው የተለያየ ልጆች ላይ ሲያዩት ግንኙነቱ በግማሽ ያህል ቀነሰ። የቤተሰቡ ሁኔታ ሲታሰብበት ደግሞ ይበልጥ ተመናመነ። እቤቱ ነገ ዳቦ መኖሩን የማያውቅ ልጅ ዛሬ ያገኘውን ቢበላ ምን ይገርማል?

ወደ አገራችን ልመለስ። በዕድሜ ከፍ ያላችሁ አንባቢዎች በዕደ ማርያምን ታስታውሳላችሁ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ ሥር የነበረ ላብራቶሪ ትምህርት ቤት ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ጎበዞች ይገቡበት ነበር። እዚያ የተማሩ ሰዎች ስለ ትምህርት ቤቱ ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል፤ የሚያወሩት ግን ስለ ተማሪዎቹ ጉብዝና ነው። እዚያ ተሞክሮ ወደ አንድ የወረዳ ትምህርት ቤት ስለወረደ የማስተማር ዘዴ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ጎበዝን ሰብስቦ ማስተማር መልካም ነው። 35 ብሎ የሚጽፈው ልጅ ግን እዚያ አይገባም፣ እኛ ልናጠናው የሚገባን ደግሞ እሱን ነበር።

ዛሬም ዩኒቨርሲቲዎቻችን በግቢያቸው ኮሚዩኒቲ ስኩል እያሉ የሚከፍቷቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። እኔ ባየኋቸው፣ የመምህራኑና የሠራተኞቹ ልጆች ጥሩ ትምህርት ያገኛሉ። ከአጥሩ ባሻገር መቶ ሜትር ላይ ካለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ጋር ግን አይተዋወቁም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ሁላችንም ጮኽን። ሥርዓተ ትምህርቱ ነው አልን፣ ኩረጃው ነው አልን፣ ፖለቲካው ነው አልን። 4ኛ ክፍል ላይ 35 ብሎ ጽፎ ያለፈው ልጅ ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ተሸክሞ እንደሄደ ግን የጠየቀ አልሰማሁም።

ሌላው ዓለም ይህን የሚያደርገው በሀብት ብቻ አይደለም። ፊንላንድ ውስጥ መምህራን የሚያሠለጥኑት ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው የማሠልጠኛ ትምህርት ቤት አላቸው፤ እዚያ ያለው መምህር ልጆችንም ያስተምራል፣ ዕጩ መምህራንንም ይኮተኩታል። ጃፓን ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶች ክፍላቸውን ለሌሎች መምህራን ይከፍታሉ። አንድ ትምህርት ሲሰጥ ብዙ መምህራን ዙሪያውን ቆመው ያያሉ፣ ከዚያ ተቀምጠው ልጆቹ ምን እንዳሰቡ ይከራከራሉ። ይህኛው መስታወትም አይፈልግ፣ በር መክፈት ብቻ።

እኛ ውጭ ያለነው ምሁራንስ? ክረምት ላይ እንሄዳለን፣ የሦስት ቀን ሥልጠና እንሰጣለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ አሮጌ ኮምፒውተር እናስረክባለን። እኔም አድርጌዋለሁ። ከዚያ ይልቅ በየዩኒቨርሲቲው ያለን ሰዎች ሁለት ሦስት ሆነን አንድ ተራ የመንግሥት ትምህርት ቤት ብንይዝ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት። ጥያቄውን መምህራኑ ይጠይቁ። እኛ የተጻፈውን እናንብብላቸው፣ በአማርኛ በሁለት ገጽ እንላክላቸው፣ እነሱ ክፍል ውስጥ ይሞክሩትና ያልሠራውን ይንገሩን። ስማቸውም ጽሑፉ ላይ ከእኛ እኩል ይውጣ።

ባለፈው ወር የድሮ ባልደረባዬ ለሆኑ፣ ዛሬም እዚያው ለሚያስተምሩ ጋሼ በቴሌግራም ጻፍኩላቸው። የመቀነሱን ነገር አብራርቼ፣ «ጋሼ፣ እስቲ 52 ሲቀነስ 27 ይስጧቸውና የደብተራቸውን ፎቶ ይላኩልኝ፤ 35 ያሉትን ደግሞ እንዴት እንዳገኙት ይጠይቁልኝ» አልኳቸው። ሁለት ቀን ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን ድምፅ ላኩልኝ። ከኋላ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። «አንተ ልጅ፣ ክፍሉ አሁን 81 ሆኗል» አሉ። «35 ያሉት 46 ናቸው። አሥራ ሁለቱን ጠየቅኋቸው፣ ደወል ተደወለ። የቀሩትን ነገ እጠይቃለሁ፤ አንተ ግን ስንጥሩን ስንት ስንት አድርጌ እንደማስር ጽፈህ ላክልኝ።»