የመኪና ዘይት የሚለወጥበትን ጊዜ ስለ ማወቅ

በቅሎ በደከማት ጊዜ እርምጃዋን ታሳጥራለች፤ በጠማትም ጊዜ ወደ ውሃው ታዘነብላለች፤ ጌታዋም ይህን አይቶ ያሳርፋታል፤ ያጠጣታልም። አውቶሞቢል ግን እንዲህ አይደለም። ዘይቱ ያረጀበት መኪና ለጊዜው እንደ ወትሮው ይሮጣል፤ ጉዳቱም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሞተሩ ከተበላ በኋላ ነው። ስለዚህ መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ ዘይት የሚለወጥበትን ጊዜ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ወደ አገራችን ከመጣ ወዲህ የሞተር አሠራር እጅግ ተለውጧል። ዛሬ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄድ፥ የሞተር ዘይት የማያስፈልገው መኪናም አለ። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራው ሞተር ግን እንደ ቀድሞው ያለ ዘይት ሊሠራ አይችልም።

በሞተር ውስጥ ያሉት ብረቶች በአንድ ደቂቃ በሺሕ የሚቈጠር ጊዜ ይመላለሳሉ። ዘይቱ በመካከላቸው እንደ ስስ መጋረጃ ሆኖ ብረት ብረትን እንዳይፍቅ ይከለክላል፤ ሙቀትን ተሸክሞ ያርቃል፤ ጉድፍን አጥቦ ወደ ማጣሪያው ያደርሳል፤ ከዝገትም ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ሲሠራ ግን ራሱ ያረጃል። ሙቀት ያበላሸዋል፤ ጥላሸት፥ አቧራና ያልተቃጠለ ነዳጅ ይገባበታል። በመጨረሻም እየወፈረ ጭቃ ይመስልና ቀጫጭኖቹን የዘይት መንገዶች ይዘጋል።

የመለወጫው ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው በቍጥር ነው። ከመኪናው ጋራ የሚሰጠው መጽሐፍ በስንት ኪሎሜትር እንደሚለወጥ ይናገራል። ይህም እንደ ሞተሩና እንደ ዘይቱ ዓይነት ሲሆን፥ ለብዙ መኪኖች ከ5,000 እስከ 15,000 ኪሎሜትር ነው። ጥቂት የሚነዳ መኪና እንኳ ቢሆን ብዙውን ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ ሊለወጥለት ይገባል። በአቧራ መንገድ የሚመላለስ፥ ከባድ ጭነት ይዞ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ፥ ወይም በአዲስ አበባ መንገድ ቆም ሄድ እያለ የሚውል መኪና ግን ቀኑ ይቀድማል፤ ድካሙ በዝቷልና። ብልኅ ነጂ ዘይት ያስለወጠበትን ቀንና የኪሎሜትሩን ቍጥር ጽፎ ያኖራል እንጂ በመገመት አይኖርም።

ሁለተኛው መንገድ መመርመር ነው። መኪናውን በደልዳላ ስፍራ አቁሞ፥ ሞተሩን አጥፍቶ፥ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መታገሥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፥ መልሶ እስከ መጨረሻው ማስገባት፥ ደግሞም መምዘዝ ነው። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ቢገኝ መልካም ነው። ከታችኛው ቢያንስ ይጨመርበታል፤ ከላይኛው አልፎ መሙላት ግን አረፋ እያስነሣ ይጐዳል። ዘይት መጨመርም ዘይት መለወጥ አይደለም፤ አሮጌው ከውስጥ እንዳለ ነውና።

ብዙ ሰዎች ዘይቱ ከጠቈረ ጊዜው አልፏል ይላሉ። ነገር ግን ጥቍረት ብቻውን የታመነ ምስክር አይደለም። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተለወጠ በጥቂት ቀን ይጠቍራል፤ ጥላሸቱን መሸከም ሥራው ነውና። ከቀለሙ ይልቅ የሚከተሉት ምልክቶች ይበልጣሉ። ዘይቱ እንደ ጭቃ ቢወፍር ወይም በጣት ሲያሹት ቢሻክር፥ መለወጥ ይገባዋል። ቤንዚን ቤንዚን ቢሸት፥ ወተት የገባበት ቡና ቢመስል፥ ወይም የብረት ብናኝ ቢያብለጨልጭበት፥ በሞተሩ ውስጥ ሌላ ሕመም አለና ወደ መካኒክ መውሰድ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ መለወጥ ብቻ አይበቃም። ከኋላ ሰማያዊ ጢስ ቢወጣ ዘይቱ እየተቃጠለ ነው፤ ልኩንም ቶሎ ቶሎ መመልከት ይገባል።

በነጂው ፊት ስላለው ቀይ መብራት ግን እጅግ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የዘይት ማንቆርቆሪያ ሥዕል ያለበት ይህ መብራት በጕዞ ላይ ሲበራ፥ «የመለወጫ ቀን ደረሰ» ማለቱ አይደለም። «ዘይት ወደ ብረቶቹ በሚገባ ኀይል አይደርስም» ማለቱ ነው። በዚያን ጊዜ ደኅና ስፍራ ይዞ ወዲያውኑ ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት ይገባል። «እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ» የሚል ነጂ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞተሩን ሊያነክስ ይችላል። ያን ጊዜ የሚጐዳው እርሱ ብቻ አይደለም። ወደ ሐኪም የሚሄደው ሕመምተኛና ወደ ገበያ የምትሄደው እናት በመንገድ ይቀራሉ፤ በመኪናው የሚተዳደረውም ቤተ ሰብ እንጀራው ይቋረጣል።

የተለወጠውንም ዘይት በመሬት ወይም በወንዝ ማፍሰስ አይገባም፤ ውሃውንና አፈሩን ይመርዛልና። በዕቃ አጠራቅሞ ለሚሰበስቡት መስጠት ይሻላል።

ዘይት ተሰውሮ ስለሚሠራ ቶሎ ይረሳል። መኪናውን ከውጭ ማጠብና መወልወል ለሁሉ ይታያል፤ ዘይቱን በጊዜው መለወጥ ግን ማንም አይቶ አያመሰግነውም። ሆኖም ተሳፋሪዎችን ከቤታቸው የሚያደርሳቸው የማይታየው ሥራ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ታማኝ ነጂም ሞተሩ እስኪጮኽ ድረስ አይጠብቅም።