ከደካማ ጀማሪ እስከ ኃያል ጀግና፦ የኃይል ደረጃና የገጸ ባሕርይ ዕድገት በሚና ጨዋታ

መግቢያ

የሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በቃል የሚፈጥሩት የጋራ ትረካ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ የጨዋታው መሪ ደግሞ ዓለሙን፣ ጠላቱንና በመንገድ የሚገናኘውን ሰው ሁሉ ይወክላል። ውጤቱ አጠራጣሪ የሆነ ድርጊት ሲያጋጥም ዳይስ ይጣላል። በዚህ መልክ ለንግድ የታተመው የመጀመሪያው ጨዋታ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የደረሱት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የወጣው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው።

ይህ ጨዋታ ካስተዋወቃቸው ሐሳቦች መካከል እጅግ ሥር የሰደደው «ደረጃ» የሚለው ነው። ገጸ ባሕርዩ በጀብዱ የልምድ ነጥብ ያከማቻል፤ ነጥቡ ሲሞላም ደረጃው ከፍ ይላል። ከዚህ የተነሣ በተጫዋቾች ዘንድ «ዕድገት» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ይገኛል። አንደኛው የቁጥር ዕድገት ነው፤ ይኸውም የጉልበት፣ የችሎታና የአስማት መጨመር ማለት ነው። ሁለተኛው በሥነ ጽሑፍ ጥናት የሚታወቀው የገጸ ባሕርይ ለውጥ ነው፤ ይኸውም የፍላጎት፣ የእምነትና የግንኙነት መለወጥ ማለት ነው። ሁለቱ አብረው ሊጓዙ ይችላሉ፤ አንዱ ግን ሌላውን በራሱ አያስገኝም። ሃያኛ ደረጃ የደረሰ ገጸ ባሕርይ በመጀመሪያው ቀን እንደ ነበረው ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ይህ ጽሑፍ የኃይል ማነስና መብዛት ሁለተኛውን የዕድገት ዓይነት እንዴት እንደሚቀርጹት ይመረምራል።

ቁጥሮቹ የሚያሳዩት

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የጨዋታው አምስተኛ እትም ሃያ ደረጃዎች አሉት። እነዚህም ከ1 እስከ 4፣ ከ5 እስከ 10፣ ከ11 እስከ 16 እና ከ17 እስከ 20 በአራት እርከኖች ይከፈላሉ። በመጀመሪያው እርከን ያለ ጀግና ዝናው ከአንድ መንደር ወይም ከአንድ ወረዳ አያልፍም። በመጨረሻው እርከን ያለው ግን የዓለሙን ዕጣ የሚወስን ነው።

ልዩነቱን በአንድ አስማተኛ መመልከት ይቻላል። የጥንካሬ ተጨማሪው 2 የሆነ አስማተኛ በመጀመሪያው ደረጃ 8 የሕይወት ነጥብ ይኖረዋል። ጎብሊን የተባለው ተራ ጠላት በአንድ የሰይፍ ምት በአማካይ 5 ነጥብ ስለሚቀንስ፣ ሁለት ምት ያንን አስማተኛ ይጥለዋል። ያው ገጸ ባሕርይ 17ኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ በመጽሐፉ አማካይ ስሌት፣ 104 የሕይወት ነጥብ ይኖረዋል። በችሎታ ረገድም እንዲሁ ነው። ለአንድ መካከለኛ ፈተና ባለ 20 ገጽ ዳይስ ላይ ተጨማሪውን ደምሮ 15 ማግኘት ያስፈልጋል። ተጨማሪው 5 የሆነ ጀማሪ የሚሳካለት ከመቶ 55 ጊዜ ሲሆን፣ ተጨማሪው 11 የደረሰ ባለሙያ ግን ከመቶ 85 ጊዜ ይሳካለታል። ስለዚህ በዝቅተኛው ደረጃ ላይ የሚነሣው ጥያቄ «ይችላል ወይ?» የሚል ነው። በከፍተኛው ደረጃ ይህ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ተመልሷል። የሚቀረው «ማድረግ ይገባዋል ወይ?» የሚለው ነው።

ዝቅተኛ ኃይል፦ እጥረት እንደ ቀራጭ

በዝቅተኛ ደረጃ ገጸ ባሕርይን የሚቀርጸው እጥረት ነው። በአምስተኛው እትም ሕግ የመጀመሪያ ደረጃ ፈዋሽ ካህን በቀን ሁለት የፈውስ ድግምት ብቻ ሊጠቀም ይችላል እንበል። ከውጊያ በኋላ ሦስት ባልደረቦቹ ወድቀዋል፤ ጠላትም እየተከተለ ነው። ሁለቱን ካነሣ ሦስተኛውን ተሸክሞ መሄድ ወይም ትቶ መሸሽ ግድ ይሆናል። ካህኑ በዚያች ቅጽበት የሚመርጠው ምርጫ ተጫዋቹ አስቀድሞ ከጻፈው የሕይወት ታሪክ ይልቅ ማንነቱን ይገልጣል። ያ ምርጫ በባልደረቦቹ ዘንድ ስለማይረሳም ግንኙነታቸውን ይለውጣል።

ከዚህ የሚመነጭ ተግባራዊ ምክር አለ። ገጸ ባሕርዩ በመጀመሪያው ሳምንት ሊሞት የሚችል ከሆነ ረጅም የሕይወት ታሪክ መጻፍ ጉዳት አለው፤ ተጫዋቹ የደከመበትን ለማትረፍ ሲል ከአደጋ ይሸሻል ወይም ሲሞትበት ጨዋታውን ይጠላል። አንድ ፍላጎት፣ አንድ ፍርሃትና አንድ የሚያውቀው ሰው ለጅምር ይበቃሉ። ቀሪው በጨዋታው ውስጥ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው «ዳንጀን ክሮል ክላሲክስ» ይህን ሐሳብ እስከ ጥጉ ወስዶታል። በዚህ ጨዋታ አንድ ተጫዋች ገበሬና አንጥረኛ የመሳሰሉ በርካታ ተራ ሰዎችን ይዞ ይጀምራል። አብዛኞቹ በመጀመሪያው ጀብዱ ያልቃሉ፤ የተረፈውም አንደኛ ደረጃ ጀግና ይሆናል። የዚያ ጀግና ታሪክ አብረውት ከወጡት መካከል ያልተመለሱት ሰዎች ታሪክ ነው።

ከፍተኛ ኃይል፦ ኃላፊነት እንደ ቀራጭ

ኃይል ሲበዛ እጥረቱ ይጠፋል፤ ከእርሱ ጋርም የመምረጥ ግዴታው አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ብዙ የጨዋታ መሪዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ ጠላቱን ማግዘፍ ነው። ጎብሊኑ በዘንዶ ይተካል፤ ቁጥሮቹ በሁለቱም ወገን ያድጋሉ፤ የውጊያው ሚዛን ግን እንደ ቀድሞው ይቆያል። ይህ የቁጥር ዕድገትን ያስተናግዳል እንጂ ለገጸ ባሕርዩ አዲስ ጥያቄ አያቀርብለትም።

የተሻለው መንገድ በዚያው ካህን ምሳሌ ይታያል። ካህኑ ዘጠነኛ ደረጃ ሲደርስ ሙት የሚያስነሣ ድግምት ያገኛል። በሕጉ መሠረት ሟቹ ከሞተ ከዐሥር ቀን ያልበለጠ መሆን አለበት፤ ለእያንዳንዱም 500 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ አልማዝ ይጠፋል። በዚያ ደረጃ ካህኑ ድግምቱን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ሊደግመው ይችላል። እንግዲህ ጦርነት የመታትን ከተማ እናስብ። በመቶ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በደጁ ተሰልፈው ይለምኑታል፤ ቀኑም እየሄደ ነው። ቢበዛ ዐሥር የሚያህሉ ሰዎችን ሊያስነሣ ይችላል። ሕፃኑን ያስነሣ ወይስ አዋላጇን? አልማዙን የሚያቀርብለትን ባለጸጋ ወይስ ምንም የሌላትን እናት ልጅ? ጀማሪ ሳለ «አልችልም» የሚለው ቃል ይጋርደው ነበር፤ አሁን ያ መጋረጃ ተገፏል። ያልተነሣ ሙት ሁሉ የእርሱ ውሳኔ ውጤት ሆኖ ይቆጠራል።

ሕጉ ሌላም በር ይከፍታል፤ የሟቹ ነፍስ ካልፈቀደች ድግምቱ አይሠራም። ካህኑ የገዛ ወንድሙን ጠርቶ ወንድሙ ለመመለስ እንቢ ቢል፣ ይህን ኀዘን የትኛውም ደረጃ አይሽረውም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ከፍተኛ ኃይል ያለው ገጸ ባሕርይ የሚያድገው ኃይሉ በማይደርስባቸው ነገሮች ፊት ሲቆም ነው፤ እነዚህም የሌላ ሰው ፈቃድ፣ ይቅርታ፣ አመኔታና ያለፈ ጊዜ ናቸው።

ሌሎች ጨዋታዎች የሰጡት መልስ

የጨዋታ ደራሲያን ችግሩን ቀድመው አስተውለውታል። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ከ1983 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. በአምስት ሣጥኖች ተከፋፍሎ ሲወጣ፣ የመጀመሪያው ሣጥን በዋሻ ፍለጋ ይጀምር ነበር። በ1984 የወጣው ሦስተኛው ሣጥን ጀግኖቹ ግዛት ተቀብለው ሕዝብ እንዲያስተዳድሩ የሚያስችል ሕግ አካተተ። በዚህም የኃይሉ መጨመር ከሥራው መለወጥ ጋር ተያያዘ።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው «ቻምፒየንስ» ልዕለ ኃያላንን የሚመለከት ጨዋታ ነው። በእርሱ ውስጥ ተጫዋቹ ለገጸ ባሕርዩ ድክመት ሲመርጥ፣ ለምሳሌ የሚያሳድድ ጠላት ወይም ጥበቃ የሚሻ ቤተሰብ ሲኖረው፣ ኃይል የሚገዛበት ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። በ1987 የወጣው «አርስ ማጂካ» ደግሞ ሁለቱን ጫፎች በአንድ ጠረጴዛ ያገናኛል። አንድ ተጫዋች በአንዱ ጊዜ ታላቁን አስማተኛ፣ በሌላው ጊዜ የዚያን አስማተኛ ደጅ የሚጠብቀውን ተራ ወታደር ይይዛል። ትናንት በአስማተኛው አንደበት የሰጠውን ትእዛዝ ዛሬ በወታደሩ እግር ይፈጽመዋል፤ የኃያሉንም ውሳኔ ክብደት ከታች ሆኖ ያየዋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የቀረበው ትንተና የሚያመለክተው የኃይል ደረጃ በራሱ ገጸ ባሕርይን እንደማያሳድግ ወይም እንደማያቀጭጭ ነው። በሁለቱም ጫፍ ገጸ ባሕርይ የሚያድገው ዋጋ የሚያስከፍል ምርጫ ሲቀርብለት ነው፤ የሚለወጠው የዋጋው ዓይነት ነው። ደካማው የሚከፍለው ከራሱ ሕይወትና ከስንቁ ነው፤ ኃያሉ ግን የሚከፍለው ከሌሎች ሕይወትና ከኅሊናው ነው። በመሆኑም የጨዋታ መሪ ለጀማሪዎች ጀብዱ ሲያዘጋጅ «ምን ይጎድላቸዋል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ለኃያላን ሲያዘጋጅ ደግሞ «ለማን ይጠየቃሉ?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። ተጫዋቹም ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር በወረቀቱ ላይ ከጨመረው ቁጥር ጎን አንድ ነገር ቢጽፍ ይጠቀማል፤ ይኸውም ገጸ ባሕርዩ ከዚህ በፊት ያምንበት የነበረውንና አሁን ግን ሊያምንበት ያልቻለውን ነገር ነው።