ሳይረን የማይሽረው ሕግ፦ የፖሊስ መኪና በበረዶ ላይ

ሚኒሶታ በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ ግዛቶች አንዷ ናት። በትልቋ ከተማዋ በሚኒያፖሊስ የጃንዋሪ ወር አማካይ የሙቀት መጠን ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በረዶ ሲጥል ብዙ ሰው መኪናውን አቁሞ መንገዱ እስኪጠረግ ይጠብቃል። ፖሊስ ግን ለእርዳታ የሚጠራው መንገዱ እጅግ በከፋበት ሰዓት ነው። ለመሆኑ የፖሊስ መኪና ሌላው በማይደፍረው መንገድ የሚሄድበት የተለየ ምሥጢር አለውን? ጥያቄውን በፊዚክስ ዓይን እንመርምረው።

ሰበቃ፦ የመኪና ብቸኛ መያዣ

መኪና የሚነሣው፣ የሚታጠፈውና የሚቆመው በጎማውና በመንገዱ መካከል ባለው ሰበቃ አማካይነት ነው። ሞተሩና ፍሬኑ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆኑ ከሰበቃው በላይ ሊሠሩ አይችሉም። የሰበቃው መጠን የሚለካበት ቁጥር፣ ማለትም የሰበቃ ኮፊሸንት፣ በደረቅ አስፋልት 0.8፣ በተጠቀጠቀ በረዶ 0.25፣ በጠጣር ግግር በረዶ ደግሞ 0.1 ገደማ ነው።

አንድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀት የፍጥነቱ ካሬ ለሰበቃው ኮፊሸንት፣ ለስበት ሽምጠጣና ለ2 ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 22.2 ሜትር የሚጓዝ መኪና እንውሰድ። በደረቅ አስፋልት 31 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። በተጠቀጠቀ በረዶ 100 ሜትር፣ በግግር በረዶ ደግሞ 250 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት ደግሞ ሌላ 22 ሜትር ይጨመራል።

በዚህ ስሌት ውስጥ የመኪናው ክብደት እንዳልገባ ልብ ይሏል። የከበደ መኪና ሰበቃው ቢጨምርም ሊገታ የሚገባው መጠነ ቁስም በዚያው ልክ ስለሚጨምር ሁለቱ ይጣፋሉ። ስለዚህ በመሣሪያ የተጫነ የፖሊስ መኪና ከባድ በመሆኑ ብቻ ቶሎ አይቆምም።

በረዶ ለምን ያንሸራትታል?

ቀድሞ ይሰጥ የነበረው መልስ «የመኪናው ጫና በረዶውን ያቀልጠዋል» የሚል ነበር። ነገር ግን የበረዶ መቅለጫ ነጥብ በአንድ ከባቢ አየር ግፊት የሚወርደው በ0.0074 ዲግሪ ብቻ ነው። የመኪና ጎማ ግፊት 2 ወይም 3 ከባቢ አየር ስለሆነ ለውጡ ከ0.03 ዲግሪ አይበልጥም። ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ በሆነ መንገድ ላይ ይህ ከምንም አይቆጠርም። የተሻለው ማብራሪያ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1850 እንዳመለከተው፣ በበረዶ ገጽ ላይ ያሉ ሞለኪውሎች እንደ ውስጠኞቹ አጥብቀው ስላልተያያዙ ፈሳሽ መሰል ስስ ንብርብር ይሠራሉ። ሁለተኛ፣ ቦውደንና ሂዩዝ እ.ኤ.አ. በ1939 እንዳሳዩት፣ ሰበቃው ራሱ የሚፈጥረው ሙቀት ገጹን ያቀልጠዋል። ስለሆነም ለነጂ ክፉው በረዶ ብርቱው ቅዝቃዜ ያጠነከረው ሳይሆን ወደ ዜሮ ዲግሪ የተጠጋው ነው።

የጎማው ድርሻ

የበጋ ጎማ ላስቲክ ከ7 ዲግሪ በታች እየጠነከረ ስለሚሄድ መንገዱን አቅፎ መያዝ ይሳነዋል። የክረምት ጎማ ግን በብርቱ ቅዝቃዜም ልስላሴው ከማይጠፋ ላስቲክ ይሠራል፤ ገጹም በብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች የተሸነሸነ ነው። ስንጥቆቹ በረዶውን የሚነክሱ ጠርዞች ይሆናሉ። በስዊድን ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ጠንካራ የብረት ችንካሮች የተተከሉበት ጎማ መጠቀም የተፈቀደ ነው። በሚኒሶታ ግን ችንካሮቹ አስፋልቱን ስለሚቦረቡሩ ለነዋሪዎች በጥቅሉ ተከልክሏል።

አራቱም ጎማ ሲነዳ

ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ ፖሊስ ዘንድ የተለመደው ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ በኋላ ጎማዎቹ የሚነዳ ነበር። ሞተሩ ከፊት ስለሆነ በኋላ ጎማዎቹ ላይ የሚያርፈው ክብደት ያነሰ ነው፤ በበረዶ ላይ ነዳጅ ሲሰጠው ጎማው በቦታው መሽከርከርና ጭራው መንሸራተት ይቀናው ነበር። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከቆመ በኋላ በፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተመሠረተውና በአራቱም ጎማዎች የሚነዳው የፖሊስ መኪና በስፋት ቦታውን ይዟል።

ይሁን እንጂ በዚህ ረገድ ትልቅ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። በአራት ጎማ መነዳት የሚጠቅመው ለመነሣትና ዳገት ለመውጣት ነው። ለመቆም ግን ማንኛውም መኪና በአራቱም ጎማዎቹ ፍሬን ስለሚይዝ ብልጫ አይሰጥም። በቀላሉ የሚፈጥን መኪና በቀላሉ የሚቆም ይመስላል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የፍሬን ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በመርሴዲስ ቤንዝ መኪና ላይ በሥራ ውሏል። የተቆለፈ ጎማ ወደ ጎን የሚይዝበት ኃይል ስለማይኖረው መሪውን ቢያዞሩት መኪናው አይታዘዝም። ሥርዓቱ ፍሬኑን በፍጥነት እየለቀቀና እየያዘ ጎማው እንዲሽከረከር ያደርጋል፤ ነጂውም እንቅፋቱን ሊያልፈው ይችላል። ይሁንና ባልተጠቀጠቀ በረዶ ላይ የመቆሚያውን ርቀት ሊያስረዝመው ይችላል፤ ምክንያቱም የተቆለፈ ጎማ ከፊቱ በረዶ ገፍቶ እየከመረ መገቻ ይሠራ ነበር።

ሕግ አስከባሪውና ሕጉ

መታጠፍም ለዚሁ ሕግ ተገዢ ነው። ሬዲየሱ 50 ሜትር የሆነ ኩርባ በደረቅ አስፋልት እስከ 71 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሊታለፍ ይችላል። በግግር በረዶ ላይ ግን ወሰኑ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ሳይረን ሌሎች ነጂዎችን ከመንገድ ያስለቅቃል እንጂ ይህን ቁጥር አይለውጠውም። ስለሆነም በበረዶ ቀን የሚያሳድድ ፖሊስ አስቀድሞ ሊመዝን የሚገባው ማሳደዱ ራሱ ከጥፋቱ የከፋ ጉዳት ያመጣ እንደሆነ ነው። ከቦታው ያልደረሰ ረዳት ማንንም አይረዳም።

ከደረሰም በኋላ ስጋቱ አያበቃም። አደጋ የደረሰበት ስፍራ አጠገብ የቆመን የፖሊስ መኪና ከኋላ የሚመጣው ሰው በ100 ሜትር ርቀት ቢያየውም፣ በግግር በረዶ ላይ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየተጓዘ ከሆነ ሊቆም አይችልም። በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ነጂዎች ለቆመ የአስቸኳይ አገልግሎት መኪና መስመር እንዲለቁ ወይም ፍጥነት እንዲቀንሱ የሚያዝ ሕግ አለ። ይኸው ነጂ በ40 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ኖሮ የፍሬን ርቀቱ ሩብ ሆኖ በ63 ሜትር ላይ፣ የነጂው የመዘግየት ርቀት ሲታከልበትም በ74 ሜትር ላይ ይቆም ነበር። ፍጥነትን በግማሽ መቀነስ የፍሬን ርቀትን ወደ ሩብ ያወርዳልና።

እንግዲህ የፖሊስ መኪና የተለየ ምሥጢር የለውም። የተሻለ ጎማ፣ የተሻለ ሥርዓትና የሠለጠነ ነጂ አለው፤ እነዚህም የሰበቃን ወሰን በጥቂቱ ያሰፉት እንደሆነ እንጂ አይሽሩትም። በአገራችንም የመጀመሪያው ዝናብ በአስፋልት ላይ ከተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ጋር ሲቀላቀል ኮፊሸንቱ ይወርዳል። አንባቢ የሰበቃውን ኮፊሸንት 0.4 አድርጎ የአንድን አውቶቡስ የመቆሚያ ርቀት በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያስላ፤ ከዚያም ፊት ለፊቱ የሚሄደው ተሽከርካሪ ስንት ሜትር ሊርቀው እንደሚገባ ራሱ ይፍረድ።