ትሪገር ስለሚባለው የዳታቤዝ ትእዛዝና ስለ ዕቃ ቀሪ ሒሳብ

ሽያጩንና የመጋዘኑን ቀሪ በኮምፒዩተር የሚመዘግብ የንግድ ቤት ውሎ አድሮ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ይኸውም ሽያጩ በአንድ ሠንጠረዥ፣ ቀሪው ደግሞ በሌላ ሠንጠረዥ ስለሚጻፍ፣ ጸሐፊው አንዱን መዝግቦ ሌላውን በዘነጋ ጊዜ ሁለቱ መዝገቦች መለያየታቸው ነው። ሻጩም መዝገቡን አምኖ የሌለውን ዕቃ ይሸጣል፤ ቀብድ ከተቀበለ በኋላ መጋዘኑ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ መፍትሔ ይሆን ዘንድ በዳታቤዝ ውስጥ የሚጻፈው ትእዛዝ ትሪገር ይባላል። የቃሉ ትርጉም የጠመንጃ ምላጭ ማለት ነው፤ ስያሜውም የተስማማ ነው። ምላጩ ሲሳብ ጥይቱ ሌላ ትእዛዝ ሳይጠብቅ እንደሚወጣ ሁሉ፣ በሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ አዲስ መስመር በተጻፈ ጊዜ ዳታቤዙ ማንም ሳያሳስበው የተሸጠውን ብዛት ከቀሪው ላይ ይቀንሳል። ትሪገሩን የሚጽፈው ሰው አስቀድሞ መወሰን ያለበት፣ በየትኛው ሠንጠረዥ ላይ እንደሚቆም፣ መስመር ሲጻፍ ወይም ሲታረም ወይም ሲሰረዝ እንደሚሠራና ሲሠራም ምን እንደሚፈጽም ነው።

አንድ የሕንጻ ዕቃ ነጋዴ በአንድ ደረሰኝ 20 ቆርቆሮ፣ 5 ኪሎ ምስማርና 2 ባልዲ ቀለም ሸጠ እንበል። ዳታቤዙ የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ከሆነና ሦስቱ መስመሮች በአንድ ትእዛዝ ከተላኩ፣ ትሪገሩ የሚሠራው ሦስት ጊዜ ሳይሆን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አዲሶቹ መስመሮችም «ኢንሰርትድ» በተባለ ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ውስጥ በአንድነት ይቀርቡለታል። ጀማሪ ግን ሥራውን የሚፈትነው ብዙ ጊዜ ባለ አንድ መስመር ደረሰኝ ስለሆነ፣ ትሪገሩን አንድ የዕቃ ቁጥርና አንድ ብዛት ብቻ እንዲይዝ አድርጎ ይጽፈዋል። በዚህ ምክንያት ከሦስቱ ዕቃዎች የአንዱ ብቻ ይቀነስና የሁለቱ ቀሪ እንዳለ ይቀመጣል። ዳታቤዙም ስሕተት ተፈጸመ ብሎ አያስታውቅም፤ አደጋውም በዚህ ዝምታ ላይ ነው። መፍትሔው «ኢንሰርትድ» ውስጥ ያለውን ሁሉ በዕቃ ቁጥር ደምሮ ድምሩን ከቀሪው ጋር ማገናኘት ነው። ሳይደምሩ ማገናኘት አይበቃም፤ ቆርቆሮ በአንዱ ደረሰኝ ላይ በሁለት መስመር ቢጻፍ የሚቀነሰው የአንደኛው መስመር ብቻ ይሆናልና።

በማይኤስኪውኤል ትሪገሩ ለእያንዳንዱ መስመር ለየብቻ ስለሚሠራ ይህ ችግር የለም። በዚያ በኩል ጀማሪን የሚያሰናክለው ሌላ ነው፤ ትሪገሩ የቆመበትን ያንኑ ሠንጠረዥ ለመለወጥ ቢሞክር ዳታቤዙ በስሕተት ቁጥር 1442 ይከለክለዋል።

ሒሳቡ አልገጥም ሲል የልዩነቱ መጠን ራሱ ምክንያቱን ይጠቁማል። ከ20 ቆርቆሮ ሽያጭ በኋላ 40 ተቀንሶ ከተገኘ፣ የሽያጭ ፕሮግራሙ ቀድሞውኑ ራሱ የሚቀንስ መሆኑን ወይም ሁለት ትሪገር መኖሩን መመርመር ይገባል። ቀሪው ባዶ ሆኖ ከታየ የመነሻው ቁጥር አልተጻፈም ማለት ነው፤ በዳታቤዝ ዘንድ ባዶና ዜሮ አንድ አይደሉም፣ ከባዶ ላይም 20 ቢቀነስ ውጤቱ ባዶ ነው። ምንም ያልተለወጠ እንደሆነ ዕቃው በቀሪው ሠንጠረዥ ውስጥ አለመመዝገቡ ይሆናል፤ ወይም መስመሮቹ ከፋይል የገቡት «ባልክ ኢንሰርት» በተባለው ትእዛዝ ይሆናል፤ ይህ ትእዛዝ በኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ተለይቶ ካልተነገረው በቀር ትሪገርን አያሠራም። ምስማሩ በካርቶን ተመዝግቦ በኪሎ ከተሸጠ ግን ጥፋቱን ከትሪገሩ ላይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ብዙዎች ትሪገሩ መሥራቱን ለማወቅ በሌላ ሠንጠረዥ ላይ ማስታወሻ እንዲጽፍ ያደርጉታል። ዘዴው መልካም ነው። ነገር ግን በመካከሉ ስሕተት ደርሶ ሥራው በሙሉ ከተሻረ ማስታወሻውም አብሮ ስለሚሻር፣ ማስታወሻ አለመገኘቱ ብቻ ትሪገሩ አልሠራም አያሰኝም።

ፈተናው በዳታቤዙ ቅጂ ላይ እንጂ ገበያተኛ በሚስተናገድበት በዋናው ላይ አይደረግም። ሽያጭ መጻፍ ብቻውን ፈተና አይባልም፤ 20 የነበረውን ቆርቆሮ ወደ 12 ማረምና ደረሰኙን በሙሉ መሰረዝም መሞከር አለበት። ሲታረም 8 ቆርቆሮ ወደ ቀሪው መመለስ፣ ሲሰረዝም የተረፈው 12 መመለስ ይገባዋል። ለመጻፍ ብቻ የተዘጋጀ ትሪገር ይህን አያደርግም።

ያለፉ ዓመታት ደረሰኞች ለመረጃ ያህል ወደ ሽያጭ ሠንጠረዥ ሲገቡ፣ ቀድሞ የተቀነሰው ዕቃ ዳግመኛ እንዳይቀነስ ትሪገሩን ለጊዜው ማቆም ያስፈልጋል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ለዚህ የተለየ ትእዛዝ አለው፤ በማይኤስኪውኤል ግን ትሪገሩን አጥፍቶ እንደገና መፍጠር የተለመደ ነው። ሥራው ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ይፈጸም፤ ትሪገሩ በቆመበት ሰዓት የተሸጠ ዕቃ ከቀሪው አይቀነስምና።