የግሪክ ቤተ መቅደስና የማዕዘኑ ጣጣ

የጥንት ግሪኮችን ቤተ መቅደስ ማወቅ የፈለገ ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ ፎቶ መነሣቱን ይተውና ወደ ጥጉ ይሂድ። የመጨረሻው ዓምድ ጋ ሲደርስ ቀና ይበል። በየመጽሐፉ «እንከን የለሽ»፣ «ፍጹም ሚዛን ያለው» እየተባለ የሚወደሰው የዶሪክ ሥርዓት ሲፈጠር ጀምሮ አንድ የማይታረቅ ቅራኔ ተሸክሟል፤ ቅራኔውም እዚያ ጥግ ላይ አፍጥጦ ይታያል። ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። እኔ ደግሞ ሕንጻውን የምወደው በዚህ ጣጣው ነው።

መሠረታዊውን ቶሎ እንለፈው። ሕንጻው አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት እርከን መደብ ላይ ይቆማል፤ ዓምዶቹ የሚያርፉበት የላይኛው እርከን ስቲሎባት ይባላል። በዓምዶቹ የተከበበው፣ የአምላኩ ሐውልት የሚቆምበት ክፍል ናኦስ ነው። ከፊቱ ያለው በረንዳ ፕሮናኦስ፣ ከጀርባው ያለው ኦፒስቶዶሞስ ነው። ከዓምድ ዓምድ የተጋደመው ወፍራም ድንጋይ አርኪትሬቭ ይባላል፤ በእሱ ላይ ፍሪዝ የሚባለው መቀነት ይመጣል፤ ከዚያ ወደ ውጭ ብቅ ያለው የጣሪያው ክፈፍ፤ በሁለቱ ጠባብ ጎኖች ደግሞ ከሁሉ በላይ ሦስት ማዕዘኑ ፔዲመንት አለ።

ናኦሱ ሕዝብ የሚሰበሰብበት አልነበረም። መሠዊያው ውጭ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በምሥራቅ በኩል፤ መሥዋዕቱም ድግሱም በግቢው ነበር። በዓል ሲሆን ቅጥር ግቢ ውስጥ ከዛፍ ሥር ቆሞ ያስቀደሰ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዛሬ የምናየው ነጭነቱም የፀሐይ፣ የዝናብና የዘመን ሥራ ነው፤ በዘመኑ ፍሪዙና ክፈፉ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ያጌጡ ነበሩ።

የዓምድ ሥርዓቶቹ ሦስት ናቸው። ዶሪክ የእግር ድንጋይ ሳይኖረው በቀጥታ ስቲሎባቱ ላይ ይቆማል፤ ራሱም አንድ ክብ ትራስና ከላዩ አንድ አራት ማዕዘን ሰሌዳ ብቻ ነው። አዮኒክ ራሱ ጥቅልል፣ ኮሪንቲያን ደግሞ ቅጠላም ነው። አዮኒክም የራሱ የማዕዘን ችግር ነበረበት፤ የጥጉን ጥቅልል ወደ ውጭ አጣሞ ተገላግሎታል። ቪላ የምታሠሩ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ዶሪክ ዓምድ ሥር እግር አታስገቡ። የጂፕሰም ቅጠልም ለጥፋችሁ «የግሪክ ዲዛይን ነው» አትበሉን። ዓምዱ ምንም ካልተሸከመ ደግሞ ቢቀር ይሻላል፤ ሲሚንቶ ተወዷል።

አሁን ወደ ጥጉ። የዶሪክ ፍሪዝ ላይ ሁለት ነገሮች እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። አንደኛው ትሪግሊፍ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ቦይ የወጣለት ጠንካራ ድንጋይ። ሁለተኛው ሜቶፔ ነው፤ በሁለት ትሪግሊፎች መካከል የሚገባ፣ አንዳንዴ ሥዕል የሚቀረጽበት ሰሌዳ። በአቴንሱ ፓርተኖን ላይ 92 ሜቶፔዎች ነበሩ፤ ሁሉም የተቀረጹ። የአሰላለፉ ሕግ ሦስት ነው። በየዓምዱ መሀል አናት ላይ አንድ ትሪግሊፍ ይቀመጣል። በሁለት ዓምዶች መካከል ባለው ክፍተት እኩሌታ ላይም አንድ ይቀመጣል። ጥጉ ላይ ደግሞ ከሁለቱ ጎኖች የመጡት ትሪግሊፎች ጫፍ ለጫፍ ይገናኛሉ፤ ፍሪዙ በሜቶፔ አያልቅም። ሦስቱም ለየብቻቸው ቀላል ናቸው። ጥጉ ላይ ግን ሦስቱን አንድ ላይ ማክበር አይቻልም።

ጣጣውን ያመጣው ውፍረት ነው። አርኪትሬቭ የላይኛውን ሸክም ሁሉ ስለሚቀበል ወፍራም መሆን አለበት፤ ዓምዱም የሚቆመው ከዚያ ውፍረት መሀል ሥር ነው። ስለዚህ የጥጉ ዓምድ መሀል ከሕንጻው ፊት በአርኪትሬቩ ውፍረት ግማሽ ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። ጥጉን የያዘው ትሪግሊፍ መሀል ግን የሚገባው በራሱ ስፋት ግማሽ ብቻ ነው። ሁለቱ ልኮች እኩል ቢሆኑ ኖሮ ችግር ባልነበረ። በፓርተኖን የአርኪትሬቩ ውፍረት 1.77 ሜትር ያህል፣ የትሪግሊፉ ስፋት 0.84 ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ ለሁለት ሲካፈል ወደ 46 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ትሪግሊፉ ጥጉን ከያዘ ከዓምዱ መሀል በዚህን ያህል ይርቃል፤ ከዓምዱ መሀል ላይ ካልተነሣ ደግሞ ጥጉ ባዶ ይቀራል።

አቴንስ የሚኖር፣ በግንባታ ሥራ የሚተዳደር አንድ ያገሬ ልጅ አብሮኝ አክሮፖሊስ ወጥቶ ነበር። ፓርተኖንን በምዕራብ በኩል እንዳየ የተናገረውን እስካሁን ከማንም አስጎብኚ አልሰማሁም።

«ጋሼ፣ ዳር ያሉት ዓምዶች ተጠጋግተዋል እኮ። ልክ ስተው ነው?»

«ሆን ብለው ነው» አልኩትና የትሪግሊፉን ነገር በጣቴ እያሳየሁ ነገርኩት።

«ታዲያ ዓምድ ከሚያንቀሳቅሱ ያንን ጌጥ ፈቀቅ ቢያደርጉት አይቀልም ነበር?»

ጥያቄ ማለት ይህ ነው። መልሱ፣ ግሪኮች ትሪግሊፉን እንደ ጌጥ አላዩትም የሚል ነው። ሜቶፔ ክፍተት የሚሞላ ስስ ሰሌዳ ነው፤ የሕንጻው ጥግ በእሱ ቢያልቅ ጣሪያው በስስ ነገር የተያዘ ይመስላል። ጥጉን የሚዘጋው ጠንካራ ነገር መሆን ነበረበት። ትሪግሊፉ ጥጉን አልለቅም ሲል ዓምዱ ወደሱ መጣ። ያን ሁሉ ቶን የሚሸከመው ዓምድ ለመቀነቱ ታዘዘ ማለት ነው።

መፍትሔው በየዘመኑና በየአገሩ ይለያያል። አንዳንዶቹ የመጨረሻዎቹን ሜቶፔዎች ሰፋ አደረጉ፤ ቀላል ነው፣ ዓይን ግን ይይዘዋል። ሌሎቹ የመጨረሻውን የዓምድ ክፍተት አጠበቡ። የሲሲሊ ግሪኮች ልዩነቱን ለሁለት ክፍተት አካፍለው ደበቁት፤ በአግሪጀንቶ ያለው የኮንኮርድያ ቤተ መቅደስ እንዲህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 እስከ 438 ፓርተኖንን የሠሩት ኢክቲኖስና ካሊክራቴስ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ሄዱ። መደበኛው የዓምድ ርቀት፣ ከመሀል እስከ መሀል፣ 4.3 ሜትር ያህል ሲሆን ጥጉ ላይ ወደ 3.7 ዝቅ ይላል። 46 ሳንቲ ሜትር ይበቃ በነበረበት ቦታ 60 ያህል ገፉ። የጥጉን ዓምድም ከሌሎቹ ትንሽ አወፈሩት፤ ከጀርባው ባዶ ሰማይ ስላለ ቀጥኖ እንዳይታይ ነው። ሜቶፔዎቹ ራሳቸው እኩል ስፋት የላቸውም። በዓይን ሲታይ ግን ጥጉ የጠበበ ሳይሆን የጠነከረ ይመስላል። ጉድለቱን ወደ ጉልበት ለወጡት።

አሁን አንድ የማልታገሠው ወሬ ላንሣ። «ትሪግሊፍ ማለት ድሮ በእንጨት ሲሠራ የነበረው የወራጅ ጫፍ ነው፤ በኋላ ወደ ድንጋይ ተገለበጠ» ይባላል። ወሬውን ያስፋፋው በክርስቶስ ልደት ዋዜማ የጻፈው ሮማዊው ቪትሩቪየስ ነው፤ አናጢዎች የተቆረጠውን የወራጅ ጫፍ በሰማያዊ ሰም በተቀባ ሳንቃ ይሸፍኑ ነበር ይላል። እንጨት አልነበረም አልልም። በኦሊምፒያ ያለው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ገደማ የተሠራው የሄራ ቤተ መቅደስ ዓምዶቹ መጀመሪያ የእንጨት ነበሩ፤ በየጊዜው አንድ በአንድ በድንጋይ ተተኩ። የዓምዶቹ ራስ ቅርጽ አንዱ ካንዱ የማይመሳሰለው ለዚህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዓመት የጎበኘው ግሪካዊው ጸሐፊ ጳውሳንያስ በኦፒስቶዶሞሱ አንድ የባሉጥ ዓምድ ቆሞ አይቷል።

ትሪግሊፉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የጣሪያ ወራጅ በአንድ አቅጣጫ ይጋደማል፤ ጫፉም በሁለት ጎን ብቻ ይወጣል። ትሪግሊፍ በአራቱም ጎን አለ። ጥጉ ላይ ደግሞ ሁለት ትሪግሊፎች ጫፍ ለጫፍ ናቸው፤ ሁለት ወራጆች በአንድ ነጥብ ላይ፣ በሁለት አቅጣጫ፣ በአንድ ከፍታ እንዴት ያልቃሉ? አናጢ ይጠየቅ። በብዙዎቹ የድንጋይ ቤተ መቅደሶችም የበረንዳው ጣሪያ ወራጆች የሚያርፉት ከፍሪዙ በላይ እንጂ ከጀርባው አይደለም። የእንጨት ትዝታ ሊኖርበት ይችላል፤ ግልባጭ ግን አይደለም።

ሁለተኛው ወሬ ፓርተኖን የተሠራው በ«ወርቃማው ምጣኔ»፣ በ1.618 ለ1፣ ነው የሚለው ነው። የፓርተኖን ስቲሎባት ስፋቱ 30.88፣ ርዝመቱ 69.50 ሜትር ነው። ይህ 4 ለ 9 ነው፤ የዓምዱ ውፍረትና የዓምዶቹ ርቀትም 4 ለ 9 ያህል ናቸው። 1.618 የሚገኘው ፎቶ ላይ ሳጥን አስምሮ ደረጃውን አንዴ እያስገቡ፣ አንዴ እያስወጡ ነው። ተአምር የፈለገ ሰው እንግሊዛዊው ፔንሮዝ ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1851 ያሳተመውን ይመልከት፦ ወለሉ ጠፍጣፋ አይደለም። በረጅሙ ጎን መሀሉ ላይ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በአጭሩ 6 ያህል ወደ ላይ ያብጣል፤ ዓምዶቹም ወደ ውስጥ ጋደል ብለዋል። ማዕዘን ለማስተካከል ሳንቲ ሜትር የቆጠሩት ሰዎች ሌላውንም እንዲሁ ቆጥረዋል።

መጨረሻው ምን ሆነ? ጣጣው አሸነፈ። ቪትሩቪየስ እንደሚለው አንዳንድ የጥንት መሐንዲሶች በትሪግሊፉ ምክንያት ቤተ መቅደስ በዶሪክ መሠራት የለበትም እስከ ማለት ደረሱ። ራሱ ያቀረበው መፍትሔ ትሪግሊፉን ዓምዱ መሀል ላይ አስቀምጦ ጥጉን በቁራጭ ሜቶፔ መዝጋት ነው፤ ሒሳቡ ይሰምራል፣ ጥጉ ይሰልላል። በኋላ ዘመን በተሠራ የዶሪክ ሕንጻ ጫፍ ላይ እንዲህ ያለች ቁራጭ ካያችሁ መምህሩ ቪትሩቪየስ ነው። ዝነኛው መሐንዲስ ሄርሞጌኔስ ደግሞ ለዲዮኒሶስ ቤተ መቅደስ ዶሪክ ሊሠራ እብነ በረዱን ካዘጋጀ በኋላ ሐሳቡን ለውጦ በዚያው ድንጋይ አዮኒክ ሠራ። ብልህ ሰው ነበር፤ አልወቅሰውም። ኢክቲኖስና ካሊክራቴስ ግን ከእሱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድመው ያንኑ ችግር አግኝተውት ነበር፤ ዓምዱን 60 ሳንቲ ሜትር ገፍተው ሥራቸውን ቀጠሉ።