የማይድን ሕመምተኛና የሥዕል ሥራ

የሰው ልጅ ሥጋና ነፍስ ያለው ፍጥረት ስለ ሆነ፥ ሕመሙም በሥጋው ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ነገር ግን ሐኪም «ይህ በሽታ አይድንም» ያለ እንደ ሆነ፥ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ከእንግዲህ የሚደረግለት ነገር የለም በማለት ሕመምተኛውን ነፍሱ ሳትወጣ ከሙታን ይቈጥረዋል። ይህ አሳብ ትልቅ ስሕተት ነው።

በእንግሊዝ አገር ሲስሊ ሳንደርስ የተባለች ሴት፥ አስቀድማ በአስታማሚነት ኋላም በሐኪምነት ስትሠራ፥ ለመሞት የቀረቡ ሰዎችን ሥቃይ በብርቱ መረመረች። ሥቃያቸውም የሥጋ፥ የአሳብ፥ የኑሮና የመንፈስ ሆኖ አንዱ ከሌላው የማይለይ መሆኑን ተረድታ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. ቅዱስ ክሪስቶፈር የሚባለውን የሕሙማን ማረፊያ በሎንዶን ከተማ አቆመች። የሥጋን ሕመም ሞርፊን በልክና በሰዓቱ ሲሰጥ ያስታግሠዋል፤ ለቀረው ሥቃይ ግን ሌላ ርዳታ ያስፈልጋል።

ከዚህም ርዳታ አንዱ ሥዕል ነው። መንገዱን ከጀመሩት ሰዎች አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው ሠዓሊ አድሪያን ሂል፥ በዚያው አቈጣጠር በ1938 ዓ.ም. በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በተኛበት እየሣለ ልቡን አበረታ፤ ከዚያም ለሌሎቹ በሽተኞች ያስተምር ጀመር። በ1942 ዓ.ም. ሥራውን «በሥዕል ማከም» ብሎ ሰየመው።

ዛሬ በዚህ ሙያ የሠለጠነ ሰው ቀለም፥ ወረቀትና ሸክላ ጭቃ ይዞ ወደ ሕመምተኛው አልጋ ይቀርባል። ሥዕሉ አማረ ወይም አላማረም ብሎ አይፈርድም፤ ሕመምተኛው በአፉ ሊናገረው ያልቻለውን ፍርሃት፥ ጸጸትና ናፍቆት በቀለም እስኪገልጸው ድረስ በትዕግሥት ይጠብቃል እንጂ። እጁ የዛለበትም ሰው የወደደውን ቀለም በጣቱ ያመለክታል፤ ረዳቱም ይቀባለታል። የተሠራው ሥዕል ለልጆቹ መታሰቢያ ሆኖ ይቀራል። እስከዚያች ቀን ከሰው እጅ ሲቀበል ብቻ የኖረው ሕመምተኛ፥ እርሱም በተራው ሰጪ ይሆናል።

ይህ ሲባል ሥዕል በሽታውን ያድናል ወይም በመድኃኒት ፋንታ ይገባል ማለት አይደለም። ሥቃዩ ያልታገሠለት ሰው ብሩሽ ሊይዝ አይችልምና፥ አስቀድሞ መድኃኒቱ ሊደርስለት ይገባል።

እንግዲህ የሕክምናን ሥራ የሚመሩ ሹማምንት፥ የሚድኑትን ብቻ ሳይሆን የማይድኑትንም ሕሙማን በሥራቸው ውስጥ ሊያስቡ ያስፈልጋል። ሕሙማንን መጠየቅ የሃይማኖት ትእዛዝ መሆኑን የሚያስተምሩት ካህናትም፥ ሕመምተኛው የሚያጽናናውን ቃል መስማት ብቻ ሳይሆን እርሱም የሚተወው ነገር እንዳለው ለቤተ ሰቡ ቢያስረዱ መልካም ነው። የመድኃኒት ኃይል ወሰን አለው፤ የሰው ክብር ግን እስከ መጨረሻይቱ እስትንፋስ ድረስ ሊጠበቅ ይገባዋል።